ታከመ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

ረዘም ይላል፣ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት።

ሆሳዕና መናኸሪያ ማልዶ የሄደ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ረዳቶቹ «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!» እያሉ ሲጣሩ፣ ከተሳፋሪው መሀል ትልቅ የራጅ ፖስታ በብብቱ የያዘ ሰው አይጠፋም። አጠገቡ ጋቢ የለበሱ አባት ወይም ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት አሉ። አንዳንዱ ሪፈር ተጽፎለት ነው የሚሄደው። አንዳንዱን ግን ማንም አልላከውም። እዚሁ ታክሞ፣ መድኃኒቱን ጨርሶ፣ ስላልተሻለው ወይፈን ሸጦ ነው የሚሄደው።

ይሄ ሁለተኛው ሰው ሪፖርት ላይ የለም። ማለቴ አለ፤ ግን ያለው «የታከመ» ተብሎ ነው። ካርድ አወጣ፣ ተመረመረ፣ መድኃኒት ተጻፈለት፣ ተቆጠረ። አለመዳኑን የሚያውቁት እሱና ቤተሰቡ ብቻ ናቸው።

የምለው አንድ ነገር ነው፦ በጤና ሥራችን የምንቆጥረው የሠራነውን ነው፤ ሰውየው ምን እንደሆነ ግን አንጠይቅም።

በመጀመሪያ ፍትሐዊ እንሁን። ብዙ ተሠርቷል። በ1995 የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመድበው ቤት ለቤት ዞረዋል። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ1992 ዓ.ም ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት 412 ሆኗል። አሁንም ብዙ ነው፣ ግን ይሄን የሚያቃልል ሰው የሐምሳ ዓመት አያቱን ይጠይቅ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ቁጥር ተመልከቱ። በዚያው በ2008ቱ ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች 26 በመቶ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም 48 በመቶ ደረሱ። በሦስት ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም! በየስብሰባው ቢጨበጨብለት አይገርምም። ግን በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት ሕፃናትስ? በ2008 ከ1,000 ውስጥ 29 ነበሩ፤ በ2011 ቁጥሩ ከ30 በታች አልወረደም። የናሙና ጥናት ስለሆነ በትንሽ ልዩነት ላይ አልከራከርም። ግን እናቶቹ ወደ ጤና ተቋም የመጡት ልጃቸው እንዲተርፍላቸው አይደል እንዴ? መምጣታቸውን ቆጠርን። መብራት ነበር ወይ? ኦክስጅን ነበር ወይ? ያላለቀሰውን ሕፃን ቶሎ አንስቶ የሚያስተነፍስ ሰው ነበር ወይ? ልጁ 28ኛ ቀኑን አየ ወይ? «በጤና ተቋም ወለደች» የሚለው ቁጥር ይሄን ሁሉ አይናገርም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ የኛዋ ዳምቦያ ነበረች። የከምባታ ገበሬ በዚህ ጉዳይ ለአገሩ ፈር ቀዳጅ ነው፣ ሊኮራም ይገባል። ዛሬ በየዓመቱ የአባልነት መዋጮ የማይጠየቅ ቀበሌ ማግኘት ይከብዳል። ስብሰባ ላይ የሚነገረው ግን ምንድነው? «ይህን ያህል አባወራ አሳደስን።» በቃ። መድኑም በአብዛኛው የሚከፍለው በተሰጠው አገልግሎት ልክ ነው። እስቲ አስቡት፦ አንድ ቁስል በአንድ ጊዜ በደንብ ታክሞ ቢድን የአንድ ጊዜ ሂሳብ ይጠየቃል። ያው ቁስል መግሎ ሰውየው ሦስቴ ቢመላለስ የሦስት ጊዜ ሂሳብ ነው። ማንም ክፉ ሰው አስቦበት አይደለም፤ አከፋፈሉ ራሱ ጥሩ የሠራውን አይለይም። የአባሉ መዋጮ የሚያልቀው ደግሞ በዚህ ነው።

ይህ የኛ ችግር ብቻ አይደለም። ማይክል ፖርተርና ኤልዛቤት ቴይስበርግ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ የሕክምና ዋጋው የሚለካው በሽተኛው ባገኘው ውጤትና ለዚያ በወጣው ገንዘብ ነው ብለው ተከራክረዋል። ከነሱ መቶ ዓመት ገደማ በፊት ቦስተን ውስጥ ኧርነስት ኮድማን የሚባል ቀዶ ሐኪም ነበር። እያንዳንዱን በሽተኛ ከዓመት በኋላ «እንዴት ሆነ?» ብሎ መከታተል አለብን አለ። የራሱን ትንሽ ሆስፒታል ከፍቶ ያከማቸውን 337 ሰዎችና በሥራው ላይ ያገኛቸውን 123 ስህተቶች አሳትሞ አወጣ። የሙያ ጓደኞቹ ግን አልወደዱለትም፣ ገሸሽ አደረጉት። እውነት መናገር የትም አገር ዋጋ ያስከፍላል።

ሩቅ ሳንሄድ የሐምሊንን የፊስቱላ ሆስፒታል እንመልከት። ቀዳዳው ከተዘጋ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ቀዳዳው ተዘግቶም ሽንታቸውን መቆጣጠር የማይችሉ ሴቶች አሉ። ለሐኪሙ የተዘጋው ለእሷ ገና ነው። ጎረቤት ቡና ተጠርታ መቀመጥ ካልቻለች ምኑ ዳነ? እዚያ ይህንን እንደ ራሱ ችግር ይዘው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሚቀረው ነገር ሕክምና ይሰጣሉ። ውጤት መለካት ማለት ይኸው ነው፦ ጥያቄውን ከበሽተኛው ወገን ሆኖ መጠየቅ።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ትልቅ ሲስተም አልጠይቅም። በሦስት ነገር እንጀምር።

አንደኛ፣ በኦፕሬሽን የወለደች እናት በ30ኛው ቀን ይደወልላት። ቁስሉ ደረቀ ወይ? ልጁ አለ ወይ? ስልክ ከሌላት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቷን ታውቀዋለች።

ሁለተኛ፣ «ይህን ያህል የደም ግፊት በሽተኛ ክትትል ላይ አለ» የሚለው ቀርቶ፣ ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ ከ140/90 በታች ወረደለት? ይባል። መድኃኒት ስለጠፋ ያቋረጠውም በዚሁ ይታያል።

ሦስተኛ፣ በገጠራችን በትራኮማ የዐይን ሽፋናቸው ተገልብጦ ቀዶ ሕክምና የሚሠራላቸው እናቶች አሉ። ፀጉሩ ተመልሶ ዐይን የሚወጋበት ጊዜ እንዳለ ሐኪሞቹ ራሳቸው ያውቃሉ። ስለዚህ የተሠራላቸው ብቻ ሳይሆኑ ከስድስት ወር በኋላ ያልተመለሰባቸው ይቆጠሩ።

ከወዲሁ ሁለት ነገር ትሉኛላችሁ። «ባለሙያው በዲዩቲ አልቆ፣ ጓንት እንኳ እየጠፋ፣ ሌላ ቅጽ ልትጨምርበት ነው?» እውነት ነው። ለዚህ ነው ከሚሞሉት ቅጾች ማንም የማያነባቸው ቀንሰው በነዚህ ሦስት ይተኩ የምለው። ጓንት ማጣቱም በቁጥር የሚታየው ያን ጊዜ ነው፤ አሁን እኮ ጓንት ያለውም የሌለውም ተቋም እኩል «100 በመቶ» ይላል።

ሁለተኛው የኔም ስጋት ነው። ውጤቱ የቅጣትና የግምገማ ዱላ ከሆነ ቁጥሩ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ይፈበረካል። ይሄን እናውቃለን፤ ሽንት ቤት ሳይቆፈር ከሜዳ መጸዳዳት ነጻ የሆነ ቀበሌ ሰምተን አናውቅም እንዴ? ሌላም አለ፦ ሞት እንዳይመዘገብበት ከባዱን በሽተኛ ቶሎ ሪፈር ጽፎ የሚሸኝ ይመጣል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማንም በውጤቱ አይቀጣ፣ የበሽተኛው ክብደትም አብሮ ይመዝገብ፣ ደውሎ የሚጠይቀውም ያከመው ተቋም ሳይሆን መድኑ ይሁን። መዋጮ ሰብስቦ የሚከፍለው እሱ ነው፤ የገዛውን ዕቃ የማየት መብት አለው።

የጤና መድን ደብተራችሁን ስታሳድሱም ጠይቁ። «ስንት ሰው ታከመ?» ብላችሁ አትቁሙ፤ «ስንቱ ዳነ?» በሉ። መልስ ከሌላቸው አትቆጡ፣ ግን በሚቀጥለው ዓመትም ደግማችሁ ጠይቁ።

እስከዚያው፣ ያ የራጅ ፖስታ የያዘ ሰው ነገም 11 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ አለ። ምን እንደሆነ የሚደውልለት የለም። ከዚያ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ፣ ወይ አባት እናታችሁን ያስቀመጣችሁ ካላችሁ ታሪኩን ጻፉልን፤ ቢያንስ እኛ እንቁጠራቸው።