«የክብር» የምትለው ቃል አትቅር

የክብር ዶክትሬት አንድ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ሥራ ለሠራ ሰው የሚያቀርበው ምስጋና ነው፡፡ ክፍል ተቀምጦ፣ የጥናት ጽሑፍ አቅርቦና በመምህራን ፊት ተፈትኖ ከሚገኘው ዶክትሬት ይለያል፡፡ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለጥላሁን ገሠሠ፣ የቦስተኑ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅም በ2012 እ.ኤ.አ. ለቀድሞ ተማሪው ለሙላቱ አስታጥቄ ሲሰጡ ሕዝቡ «ይገባቸዋል» ብሎ ተደስቷል፡፡ በእርግጥም ይገባቸዋል፡፡

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፡፡ በየማስታወቂያውና በየመድረኩ «የክብር» የምትለው ቃል ትቀርና «ዶክተር» ብቻ ይነበባል፡፡ ይህ እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም፡፡ ቀን ሠርቶ ማታ በግሪን ሪቨር ኮሌጅ የሚማር የኬንት ወጣት ማዕረግ በድካም እንደሚገኝ ከታላላቆቹ ማየት አለበት፡፡ እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው አዛውንትም ስለ ጤናቸው ምክር ሲጠይቁ፣ «ዶክተር» የተባለው ሰው ምን እንደተማረ ማወቅ ይገባቸዋል፡፡

ኤም አይ ቲ የክብር ዲግሪ ጨርሶ አይሰጥም፡፡ እዚያ ድረስ መሄድ ግን አያስፈልግም፤ ባለውለታን በሕይወት ሳለ ማመስገን መልካም ነው፡፡ በየስብሰባው መድረክ የሚመሩና ማስታወቂያ የሚያዘጋጁ ሁሉ «የክብር ዶክተር» ብለው ማዕረጉን ሳይቆርጡ ይጥሩ፡፡ ተሸላሚዎቹም ቃሏ ስትዘለል ቢያርሙ ክብራቸው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፡፡