አዲስ መኪና በአሮጌ ሞተር፡ ያዋጣል?

በሻንቶም ሆነ በሶዶ ጋራዥ ደጃፍ ሁለት ሰው ከቆመ ወሬው መኪና ነው። ከወሬዎቹ አንዱ እንዲህ ይላል፤ በኢንጀክሽን የሚሠራ የቤንዚን ፒክአፕ አስቸግሮ እምቢ ሲል ሞተሩን አውጥቶ የድሮውን ባለካርቡራተር ሞተር መግጠም፣ ከዚያ መገላገል ነው። የዚህ ሐሳብ ደጋፊ ብዙ ነው። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም ባይ ነኝ።

በቅድሚያ የደጋፊዎቹን ነጥብ እንስማ። ካርቡራተር ኮምፒውተር አይፈልግም። አየር በጠባቡ ጉሮሮው ሲያልፍ ቤንዚኑን ስቦ ይቀላቅላል፤ ሲደፈን ተፈትቶ፣ ታጥቦ ይገጠማል። መፍቻና ካቻቢቴ የያዘ መካኒክ ይበቃዋል። ኢንጀክሽን ግን ሴንሰርም፣ ኮምፒውተርም፣ የኤሌክትሪክ ፓምፕም አለው። አንዷ ሴንሰር ስትበላሽ መመርመሪያ የሌለው መካኒክ ያለው አማራጭ መገመት ነው። የግምቱን ሒሳብ የሚከፍለው ደግሞ ባለመኪናው ነው። እናም ሰው የማውቀው ይሻለኛል ቢል አይፈረድበትም።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ሞተር ብቻውን አይቀየርም! የኢንጀክሽን ፓምፕ ቤንዚኑን የሚገፋው ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3 ባር በሚደርስ ግፊት ነው። ካርቡራተር የሚበቃው የዚህ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ፓምፑ ሳይቀየር ወይም ግፊቱ ሳይቀነስ ቢገናኝ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ መዝጊያ አትችለውም፤ ቤንዚኑ ሞልቶ በጋለ ሞተር ላይ ይፈሳል። ይሄ እኮ እሳት ነው! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ቤንዚን ግን አይለቀምም።

የኤሌክትሪኩም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነና ማርሽ የሚቀይረው ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ ተቀብሎ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሲወጣ እሱም ግራ ይገባዋል። እርግጥ ሁሉም አንድ አይደለም። የቶዮታ 22አር ባለካርቡራተር፣ 22አር-ኢ ደግሞ ባለኢንጀክሽን ነው፤ ሁለቱም ባለ2.4 ሊትር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በነዚህ መካከል መቀያየር ይቻላል። ከዚያ በኋላ በመጡት ላይ ግን ከሞተር መያዣው እስከ ካምቢዮው ሌላ ሥራ ይመጣል።

ለእኛ ለወላይታ ሰዎች ደግሞ የተለየ ምክንያት አለን፤ መሬታችን። ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ሥር 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ የአባያ ሐይቅ ደግሞ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል። የካርቡራተር ቀዳዳ ግን በተለካበት ልክ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይከብዳል፣ ነዳጁ በከንቱ ያልቃል። ኢንጀክሽን ግን አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን ይመጥናል። ቁልቁለትና አቀበት ላለበት አገር የተመቸውን ዕቃ አውጥተን ያልተመቸውን እየገጠምን ነው ማለት ነው።

ሕጉም አለ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ ሳይስተካከል የቀረ መኪና በዓመታዊ ምርመራም ሆነ ሲሸጥ ባለቤቱን ማስጨነቁ አይቀርም።

ምን ይሻላል? ሞተር ከማውጣት በፊት መመርመር። ኮምፒውተሩ ተቃጠለ የሚባለው ነገር አንዳንዴ የደከመ ፓምፕ፣ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም የላላ ገመድ ሆኖ ይገኛል። ለሞተር መግዣ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለምርመራ ቢውል ምን አለበት? ጋራዦች ተባብረው አንድ መመርመሪያ ቢገዙ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም የኢንጀክሽን ትምህርትን በተግባር ቢያጠናክሩ የሚጠቀመው ሁላችንም ነን።

ጉዳዩ ወደፊትም አብሮን ይኖራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በእጃችን ያሉትን መኪኖች ጠግኖ ማኖር ግድ ሊሆንብን ነው ማለት ነው። እኛም የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ስለ መኪና ስንጽፍ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ማን ይጠግነዋል፣ በምን ይጠግነዋል ብለን እንጠይቅ እላለሁ።

ቸር ይግጠመን!