«ታኮ ጣል!» እስከ መቼ?

በዚህች አገር ዋጋው ያልናረ የመኪና መለዋወጫ አንድ ብቻ ቀርቷል። እሱም ድንጋይ ነው! መኪና ዳገት ላይ ቀጥ አለ? ድንጋይ። የእጅ ፍሬን አልይዝ አለ? ድንጋይ። በጨለማ የሚያንጸባርቅ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት የለም? አሁንም ድንጋይ፤ ካልበቃ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይታከልበት። «ታኮ ጣል!» ሲባል ረዳቱ ዘሎ ይወርዳል። መኪናው ተጠጋግኖ ሲነሳ ግን «ታኮ አንሳ!» የሚል ሰው የለም። መኪናው ይሄዳል፣ ድንጋዩ አስፋልት ላይ ተኝቶ ይቀራል። ሌሊት እየከነፈ የሚመጣ ሞተረኛ፣ ሰው ጢም አድርጎ የጫነ ሚኒባስ ያገኘዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን በጠዋት የትራፊክ ዜና እንሰማለን፤ ከንፈራችንን እንመጣለን፤ ወደየሥራችን እንሄዳለን።

ጎበዝ! ድንጋዩ የሚፈለገው የኋላ ኮፈኑ ባዶ ስለሆነ ነው። ክሪክ የለ፣ ስኮርታ ጎማ የለ፣ ቢኖርም ነፋስ የለው፤ ችንጋ የለ፣ ካቻቢቴ እንኳ የለ! የሠላሳና የአርባ ዓመት መኪና እየነዳን እንደ አዲስ መኪና ባለቤት እጃችንን አወናጭፈን እንወጣለን።

«ታዲያ አሮጌ መኪና ንዱ ማን አላችሁ?» የሚሉ ክቡራን አሉ። ባለ ጥቁር መስታወት መኪናቸው ሲበላሽ በማግስቱ ሌላ የሚመደብላቸው ናቸው። ማን እንዳለን እንንገራቸው እንጂ!

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጫነ። «አገሪቱ የአሮጌ መኪና መጣያ አትሆንም» ተባለ። እሰየው! አዲሱን ግን በምን ደመወዝ እንግዛው? ይህን የመለሰልን የለም። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ወራት ቆይቶ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ተባለና 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ የሚገዛው በዶላር ነው። እንግዲህ ሒሳቡን አንባቢ ይሥራው። አዲሱ እንዳይገዛ ሆነ፣ አሮጌው እንዳይጠገን ሆነ፤ ሕዝቡ ግን ወደ ሥራው መሄድ አለበት።

ክላሲኩ ላዳ በአገሩ በሩሲያ መመረት ያቆመው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2012 ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው በ2003 ነው። እኛ ዘንድ ግን ጡረታ ብሎ ነገር የለም። አያት የነዳውን የልጅ ልጅ ይነዳዋል። እኔም ከእነዚሁ ወገን ነኝና ስለ ራሴ ጎራ ነው የምናገረው። አሮጌ መኪና መንዳታችን አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ባዶ እጅ መንዳታችን ነው።

«መካኒክ ሞልቷል፣ ስልክ ደውዬ አስመጣለሁ» ይባላል። ቦሌ ላይ ከሆነ አዎ። ጣርማበርን አልፈህ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ስትወርድ ከመሸብህስ? ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የአባይን በረሃ ስታቋርጥስ? በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በዚሁ መስመር ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። በጉዞ ላይ ያለ አውቶቡስ እንዲህ ከሆነ፣ ጨለማ ላይ ቆሞ ስልክ የሚደውል ባለ ላዳ ምን ይውጠው? መንግሥት መንገዱን ሰላም ማድረግ ግዴታው ነው፤ ይህን ደጋግመን እንጠይቃለን። እስከዚያው ግን የ10 ደቂቃ ብልሽት የሌሊት አዳር እንዳይሆን ማድረግ በእጃችን ነው።

ደግሞም የምንሸከመው ተራራ አይደለም፤ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ይበቃዋል። መጀመሪያ ችንጋ። ላዳ ላይ የውሃ ፓምፑንም ዲናሞውንም የምታዞረው ያችው አንዲት ችንጋ ናት። እሷ ከተበጠሰች ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈላል፣ ባትሪውም አይሞላም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ ገና 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ እንደሚፈላ አትርሱ። ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ መያዙ ነው። ስለዚህ ጎማው ያለቀ ክዳን ክዳን አይባልም፤ ደህናውን ግዙ፣ ማኒኮቶና ማሰሪያውንም ጨምሩ። አምስት ሊትር ውሃ ያዙ። የጋለ ራዲያተር ግን አትክፈቱ! በዚህ ፊቱ የተቀቀለ ሰው ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛ፣ እሳት የሚሰጡት። አራት ካንዴላ፣ አንድ ፑንቲና፣ አንድ ኮንዴንሰር፣ ጥቂት ቫልቮላ። ሁሉም ተጠቅልለው ኪስ ውስጥ ይገባሉ። ፑንቲናው ከተጣበቀ ከፍተህ ማጽዳትና 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት መስጠት ነው። ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ ደህና መካኒክ በአንድ ቅዳሜ ያስተምርሃል።

ሦስተኛ፣ መፍቻው። ላዳ 10፣ 13፣ 17 እና 19 ቁጥር ቁልፍ ይፈልጋል፤ አሮጌ ቶዮታ ደግሞ 10፣ 12 እና 14። የጎረቤትን ቁልፍ ተውሶ የሚወጣ ሰው ይህን ሳያውቅ ዳዶውን ሲያሟልጭ ይውላል። ፒንሳ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ ሽቦ፣ የእጅ ባትሪ፣ የሚሠራ ክሪክ፣ ነፋስ ያለው ስኮርታ፣ የፍሬን ዘይት ይጨመር። ከሁሉ በፊት ግን ባለ ሦስት ማዕዘኑ ምልክትና ከእንጨት የተጠረበ ታኮ! የእንጨቱን ታኮ ማንም አስፋልት ላይ ጥሎት አይሄድም፤ ንብረቱ ነዋ!

«ዓመታዊ ምርመራ ለምን አለ ታዲያ?» ትሉኝ ይሆናል። ወይ ምርመራ! በአንድ የምርመራ ጣቢያ በር ላይ አንድ እሳት ማጥፊያና አንድ ክሪክ ከመኪና መኪና ሲዞሩ በዓይኔ አይቻለሁ። የፊተኛው ቦሎውን ይዞ ይወጣል፤ ክሪኩ ለኋለኛው ይተላለፋል። በኪራይ ጎማ ገብቶ በመላጣ ጎማ የሚመለስም አለ። ለሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይኼ ነው! አጭበርባሪው ራሱን ነው ያጭበረበረው፤ ክሪኩ የሚያስፈልገው ከጣቢያው በር ላይ ሳይሆን ጣርማበር ላይ ነው። መርማሪውም ቢሆን ያው ክሪክ ሦስት ጊዜ ሲያልፍ ካላየ፣ ምኑን ነው የሚመረምረው? ክፍያውን ይሆን?

ሌላው ጉድ መለዋወጫው ራሱ ነው። ሶማሌ ተራ ግባ፤ «ኦርጅናል ነው» የማይባል ዕቃ የለም። ካርቶኑ ኦርጅናል ነው፣ ውስጡ ፎርጅድ። የቡና ስኒ አስመስሎ የሠራ ነጋዴ ቢበዛ ስኒው ይሰበርበታል። የፍሬን ሸራ አስመስሎ የሚሠራና የሚሸጥ ግን ቁልቁለት ላይ ሰው ይገድላል። ለመንገድ ዳር ቸርቻሪ ደጋግሞ የሚመዘዘው የደንብ ማስከበር ዱላ እዚህ ሲደርስ የት ይገባል?

ስለዚህ ጥያቄያችን አጭር ነው። ለመንግሥት፦ አሮጌውን መኪና በታክስ አስረህ ካስቀረህ ቢያንስ በሰላም እንዲንቀሳቀስ ፍቀድለት። የፍሬን ዕቃ፣ የጎማ፣ የመብራትና የችንጋ ቀረጥ ይቀነስ፤ እነዚህ የቅንጦት ዕቃዎች አይደሉም። ለመርማሪዎች፦ ክሪኩን ከነስኮርታው መንገድ ላይም ድንገት እዩት። ለባለንብረቶች፦ ለሾፌሩ የቀን ገቢ እንደምትቆጥሩበት የሚሰጡትንም ዕቃ ቁጠሩለት። ባዶ ኮፈን አስረክቦ «ለምን ቆምክ?» ብሎ መቆጣት ነውር ነው።

ለእኛ ለነጂዎች ደግሞ አባቶች «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ብለውናል። ይህን ጋዜጣ አጥፋችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት ኮፈናችሁን ክፈቱ። ባዶ ከሆነ የሚቀጥለው ታኮ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ላይ የሚወድቀው ደግሞ የማንም ይሁን፣ የሰው ልጅ ነው።

ሰሚ ጆሮ ይስጠን!