በሬው መያዣ ይሁን፦ ከጂንካ ለብልጽግና ፓርቲ ወጣቶች ሊግ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለብልጽግና ፓርቲ ወጣቶች ሊግ
የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በደቡብ ኦሞ ወጣት ስም ስለሚያዙ ዕቅዶች

ክቡራንና ክቡራት የሊጉ አመራሮች፣

የፓርቲያችሁ አባል አይደለሁም፤ የሌላ ፓርቲም አባል አይደለሁም። ጂንካ ውስጥ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ካስተማርኳቸው ልጆች መካከል የእናንተን የአባልነት ደብተር የያዙ ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ለባዕድ እንደሚጻፍ አልጽፍላችሁም። ቅር ብትሰኙም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በየዓመቱ በየመድረኩ የሚነበበውን ዕቅድ የከተማችን ሰው በቃሉ ይወጣዋል፦ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ የአረንጓዴ ዐሻራ ችግኝ፣ የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት፣ የደም ልገሳ፣ የሥራ ዕድል ፈጠራ። አንዱም የሚጠላ አይደለም። ጣራቸው የተቀየረላቸው አሮጊት የመረቋችሁ ከልባቸው ነው። ነገር ግን አራቱ ፓርቲው ለወጣቱ የሰጠው ሥራ እንጂ ወጣቱ ለፓርቲው ያቀረበው ጥያቄ አይደለም። አምስተኛው ጥያቄ ይመስላል፤ እሱም ቢሆን ከላይ ተሞልቶ የወረደ ቅጽ ነው፦ ዶሮ እርባታ፣ ከብት ማድለብ፣ ብረታ ብረት፣ የኮብልስቶን ሥራ፣ በኮታ።

ነገሩ በእናንተ አልተጀመረም። በ1970ዎቹ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ነበር፤ አኢወማ የምንለው። ከዚያ የኢሕአዴግ ወጣቶች ሊግ መጣ። በ2012 ዓ.ም. ግንባሩ ፈርሶ ብልጽግና ሲመሠረት የእናንተ ሊግ ተተካ። ስሙና ቲሸርቱ ተቀየረ፤ የአዳራሹ ሥርዓት ግን ያው ነው። መድረክ ላይ ያሉት ይናገራሉ፣ ከታች ያሉት ያጨበጭባሉ፣ የአቋም መግለጫ ይነበባል፣ አበል ይከፈላል። (አበሉን አልቃወምም፤ ከኦሞራቴ የመጣ ልጅ በእግሩ ይመለስ አይባልም።) የወጣት ክንፍ ማለት የፓርቲውን ቃል ወደ ወጣቱ የሚያደርስ ብቻ ከሆነ፣ ለዚያ ሬዲዮ ይበቃል። እናንተ የምታስፈልጉን የወጣቱን ቃል ይዛችሁ ፓርቲው ቢሮ ስትገቡ፣ እዚያም ፊት ሲጠቁርባችሁ ሳትመለሱ ስትቀሩ ነው። ቅድሚያ የምንሰጠው ጉዳይ ልትሉት የሚገባው ልትጨቃጨቁለት የተዘጋጃችሁበትን ነገር ነው። ሌላው ዘመቻ ነው።

እንግዲህ ምን ይዛችሁ ግቡ? ብዙ አልጠይቅም፤ ከብቱን ያዙልን።

የ1996ቱ አገራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣትን ከ15 እስከ 29 ዓመት ብሎ ወስኗል። በሐመር ግን ልጅ ወደ ሙሉ ሰውነት የሚሻገረው በልደት ካርድ ሳይሆን በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ሮጦ ነው፤ ያንን ሳያደርግ አያገባም፣ የራሱን ቤት አያቆምም። የሚዘልላቸው ከብቶች፣ በኋላ ለጥሎሽ የሚነዳቸው ከብቶች፣ በድርቅ ዓመት የሚሸጣቸው ከብቶች የሀብቱ ጠቅላላ መዝገብ ናቸው። በና፣ ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች ዘንድም ዝርዝሩ ይለያይ እንጂ ነገሩ ይኸው ነው። የዚህ አገር ወጣት ሀብት የለውም የሚለው ዓረፍተ ነገር ስለዚህ ግማሽ እውነት ነው። ሀብት አለው፤ ባንክ የሚያውቀው ሀብት ግን የለውም።

በ2009 ዓ.ም.፣ ያ ሁሉ የአደባባይ ተቃውሞ አገሪቱን ካናወጠ በኋላ፣ መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ አቋቋመ። በእኛ በኩል ገንዘቡ የወረደው በኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ ነበር፤ ወጣቱ ተደራጅቶ፣ የቢዝነስ ዕቅድ አስጽፎ፣ በቡድን ዋስትና ይበደራል። ለጂንካ ልጅ የተለካ ልብስ ነው። ቢያንስ ጂንካ ውስጥ ዕቅድ የሚጽፍ ሰው፣ የሚከራይ ሼድ፣ እንቁላል የሚገዛ ሆቴል አለ። ከሐና ወዲያ ከብቱን ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ የቦዲ ልጅ፣ ከካንጋተን ወዲያ ለኛንጋቶሙ ልጅ ግን ሼዱም፣ ማህተሙም፣ ስብሰባውም ሩቅ ነው። ስሙ በዝርዝር ውስጥ ከገባም ብዙ ጊዜ የሚገባው ቁጥር ለመሙላት ነው። ይህንን እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ፤ ሪፖርቱን የምታጠናቅሩት እናንተ ናችሁ።

ሕጉ ደግሞ ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ቤትና መሬት የሌለው ሰው የሚንቀሳቀስ ንብረቱን፣ እንስሳቱንም ጭምር፣ መያዣ አድርጎ እንዲበደር በር ከፍቷል፤ መመዝገቢያውም በብሔራዊ ባንክ ሥር ተቋቁሟል። ማይክሮ ፋይናንሱም ዛሬ ኦሞ ባንክ ሆኗል። ስሙ የወንዛችን ስም ነው። እስኪ ከዲመካ አንድ ወጣት አሥር በሬ ይዞ ይምጣና ብድር ይጠይቅ። ምን ይባላል? ካርታ አለህ ወይ ይባላል። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈውታል፤ እንዲህ ያለውን ክፍተት ገፍቶ መጠየቅ የማን ሥራ ነው? ሊጉ ከባንኩ ጋር ጠረጴዛ ይዞ፣ በአንድ ወረዳ፣ በጥቂት ወጣቶች፣ ለአንድ ዓመት ሙከራ ቢያስጀምር ከሺህ ችግኝ ይልቅ ስሙ ይነሣለታል።

ባንኩ የሚያነሣውን ሥጋት ከወዲሁ እሰማዋለሁ። ከብት ይሞታል፣ ይሰረቃል፣ ድንበር ይሻገራል፣ አንዱ ከሌላው አይለይም። ይህ የመጨረሻው ያስቀኛል። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ካትሱዮሺ ፉኩይ ቦዲ ስለ ከብት ቀለምና ዝንጉርጉርነት ያላቸውን ዕውቀት ለዓመታት ያጠናው ስለ ረቀቀበት ነው። እረኛው በሬውን ከመንጋ ውስጥ ለይቶ ያውቀዋል፤ የማያውቀው መዝጋቢው ነው፤ ለእሱ የጆሮ መለያ ይበቃዋል። የሞቱ ሥጋት ግን እውነተኛ ነው፤ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ድርቅ ስንት መንጋ እንዳለቀ አይተናል። ለዚህም መንገድ የጀመሩ አሉ። ቦረና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በሳተላይት የሚታየውን የግጦሽ ልምላሜ እየለካ፣ ሣሩ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ካሣ የሚከፍል የእንስሳት መድን ተሞክሯል። ሁሉም ነገር አልሠመረለትም፤ አርብቶ አደሩ ክፍያው ሲዘገይ ማማረሩ አልቀረም። ቢሆንም ያቤሎ የተሞከረ ነገር ቱርሚ የማይሞከርበት ምክንያት አይታየኝም።

የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ ሲሆን ወተት፣ እንቁላል፣ ማርና ሥጋ ከየጓሮው ይውጣ ተባለ። መልካም። እዚህ ግን ወተቱ ድሮም ነበረ። የጎደለው ወተቱን ሳይበላሽ ጂንካ የሚያደርስ ነገርና ሰኞ ቱርሚ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካ ገበያ ላይ ከብቱን በሚዛን የሚገዛ ሰው ነው። አሁን በዓይን ግምት ነው የሚሸጠው፤ በዓይን ግምት ደግሞ ሁልጊዜ የሚያተርፈው ነጋዴው ነው። አንድ የከብት ሚዛን ዲመካ ላይ መትከል የፓርቲ ጉባኤ አያስፈልገውም። የአሪው ልጅ ቡናና ኮረሪማም ተመሳሳይ ታሪክ አለው፤ እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋልና አልፈዋለሁ።

ስለ ስኳሩ ሳልናገር ብቀር ግን ተማሪዎቼ ይታዘቡኛል። በጥር 2003 ዓ.ም. የአርብቶ አደሮች ቀን እዚሁ ጂንካ ሲከበር ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የኦሞን ሸለቆ የሚቀይር ትልቅ የመስኖና የስኳር ልማት ይመጣል አሉ። መጣም። ሳላማጎ ላይ ወንዙ ተጠለፈ፣ ኦሞ ኩራዝ የሚባሉት ፋብሪካዎች ተተከሉ። ከላይ በኩል 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚህ መሐል ወንዙ በየዓመቱ ሞልቶ ሲመለስ ይተወው በነበረው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራ የነበረው ሰው የውኃ ሸሽ እርሻው ከእጁ ወጣ። ለዚያ የተሰጠው ምትክ መስኖና ሥራ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። በኦሞ ኩራዝ ቋሚ ደመወዝ የሚበሉ የቦዲ፣ የሙርሲና የኛንጋቶም ወጣቶች ስንት ናቸው? በየትኛው የሥራ መደብ? ጥበቃና የቀን ሥራ አትቁጠሩልኝ። የክሬን ኦፕሬተር፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን፣ የመስኖ ተቆጣጣሪ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ቁጠሩልኝ። ከሌላ አካባቢ መጥቶ አገዳ የሚቆርጠውን ወንድማችንን አልከስም፤ እሱም እንጀራ ፈልጎ ነው። ሊጉ ግን ይህን ቁጥር በየዓመቱ ከፋብሪካው ተቀብሎ በአደባባይ የማንበብ ሥልጣን ባይኖረው እንኳ የመጠየቅ አፍ አለው።

ዳሰነች ደግሞ በውኃ ተይዟል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው ወሰደ። በ2016 ዓ.ም. እንደገና ወንዙ ከዳርቻው ወጥቶ፣ የቱርካና ሐይቅም ከታች ገፍቶ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መንደሩን ለቀቀ። በዚያ ደረቅ ምድር ዓሣ ማጥመድ የድሃ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ አሁን ግጦሹ ሐይቅ ሆኖበት የሚያጠምደው ወጣት ብዙ ነው። መረብ፣ ጀልባ፣ በረዶ ቤት። ይህም ከቅጹ ውስጥ የለም።

ለውጥ ከላይ ካልመጣ አይመጣም የሚል ካለ ወደ ካሮ ሕዝብ ይመልከት። ሚንጊ የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ የላይ ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን መዓት ያመጣል ተብሎ የሚጣልበት ልማድ። መንግሥት ለዓመታት ወንጀል ነው ሲል ነበር፤ ልማዱም በድብቅ ቀጠለ። ከካሮ ቀድመው ትምህርት ቤት ከገቡት አንዱ ላሌ ላቡኮ ግን ሕፃናቱን እየታደገ ማሳደጊያ አቆመ፤ ከዚያም ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ ዓመታት የፈጀ ንግግር ገጠመ። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የካሮ ሽማግሌዎች ራሳቸው ልማዱ ቀርቷል ብለው አወጁ። በዚያ ውስጥ ኮታም ቲሸርትም አልነበረም። የራሱን ቋንቋ የሚናገር፣ አባቶቹን የማይንቅ፣ ግን የማይተዋቸው አንድ ወጣት ነበር። ሊጋችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ቢያገኝ ምን ያደርገዋል? ፍርሃቴን ልንገራችሁ፤ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ልጁም ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹን የሚያገኛቸው ስብሰባ ላይ ብቻ ይሆናል።

ቋንቋውን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ ጂንካ ላይ ሲረጋገጥ ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ሰው በሐመርኛ፣ በአሪኛ፣ በማሌኛ፣ በዳሰነችኛ የሚያስረዳ፣ የሚታመንም ወጣት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጂንካ ውስጥ ቤት ሲቃጠልና ጎረቤት ከጎረቤት ሲሸሽ የጎደለውም እሱ ነበር፤ ወሬውን የሚያቀጣጥሉት ግን በቂ ነበሩ። አሪ ከዚያ በኋላ የራሱን ዞን አገኘ፤ ክልሉም ራሱ አዲስ ሆነ። የአስተዳደር ወሰን ስለተሰመረ ግን ቅዳሜ ገበያ የሚመጣው ወጣት ተለያይቶ አይመጣም። ሊጉም በብሔረሰብ ኮታ ተከፋፍሎ ወንበር ከሚቆጥር የከተማውንና ከብት ጠባቂውን ልጅ አንድ ላይ ቢያስቀምጥ ይሻላል።

መልስ ካላችሁ በጽሑፍ ስጡኝ፤ ሁለት ገጽ ይበቃል። የኦሞ ባንክን ምላሽ፣ የፋብሪካውን ቁጥር፣ የሚዛኑን ጉዳይ። ጂንካ አዳራሽ ውስጥ በአማርኛ ከምታነቡት ግን ቅዳሜ ዲመካ ገበያ ላይ በሐመርኛ ብታነቡት እመርጣለሁ፤ ጥያቄ የሚያቀርቡላችሁ እዚያ ናቸው። ማይክሮፎን ከፈለጋችሁ ከትምህርት ቤቱ አውሳችኋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የጂንካ መምህር