ከሰው ቤት የመጣ ወለል

ሦስት ሳምንት ከዚህ ዓምድ ስጠፋ «ታማ ይሆን?» ብላችሁ የጠየቃችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። አልታመምኩም፤ አቴንስ የምትኖረው ልጄ ዘንድ ሄጄ የልጅ ልጄን ሳቅፍ ነው የከረምኩት። የጤና ሰው ሲጠፋ መቼም ሁሉም የሚያስበው በሽታ ነው።

ልጄ አራት ቀን ዕረፍት አግኝታ ሮድስ ወደምትባለው ደሴት ወሰደችን። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ሩድ» የተባለችው ናት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 ቅዱስ ጳውሎስ በመርከብ ሲያልፍ መጀመሪያ ቆስን፣ በማግሥቱ ሩድን ይነካል። ሁለቱንም ስሞች ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልጉናል።

በሁለተኛው ቀን ልጄ በኮምፒውተር የሥራ ስብሰባ ስለነበረባት ለእኔና ለሚጡ ትኬት በስልኬ ላይ ገዛችልን። ያለ አስጎብኚ የሚገባበት ትኬት ነው። ማብራሪያውን ከስልክ እየሰሙ፣ በራስ እግርና በራስ ሰዓት የአሮጌውን ከተማ ቤተ መንግሥት መጎብኘት። ከበር ስታወጣን ታዲያ በጆሮዬ፣ «እማዬ፣ አደራ፣ የሚያስፈራ ታሪክ እንዳትነግሪያት» አለችኝ። ባለፈው ዓመት ከሰፈራቸው ራቅ ብሎ ደን ሲቃጠል ጭሱን ካየች ወዲህ ሚጡ ሌሊት እየባነነች ትነሳለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔም «እሺ» አልኩ።

ትኬቱን ወድጄዋለሁ። አስጎብኚ የሚመራው ቡድን ውስጥ ገብታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ገና ደረጃውን ሲጨርስ አስጎብኚው ንግግሩን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ክፍል እየሄደ ነው። ራሳችሁን ስትመሩ ግን መቀመጫ ባገኛችሁበት ትቀመጣላችሁ። ከልጅ ጋር ስትሄዱ ደግሞ ልጁ የቆመበት ቦታ ላይ መቆም ትችላላችሁ። ነገር ግን ጥቂት ልምከራችሁ። ወደ ግንቡ የሚያወጣው የፈረሰኞቹ ጎዳና ዳገት ነው፤ የተነጠፈውም በድቡልቡል የባሕር ጠጠር ስለሆነ ጎማ ሶል ያለው ዝግ ጫማ አድርጉ። ፀሐይ ሳይበረታ በጧት ውጡ። የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ ሳትጠይቁ ደረጃውን አትጀምሩ። ክኒኑን ለጉብኝት ብሎ መተው ግን አይታሰብም! ውኃ መጠጣትም እንዲሁ አይተውም።

ሚጡ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ፣ እኔ ሌላውን ሰክተን ገባን። ስልኩ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለን (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ግንቡን በ14ኛው መቶ ዓመት የሠሩት የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች ናቸው፤ መነኮሳትም ወታደሮችም ነበሩ። ሥራቸውን የጀመሩት ኢየሩሳሌም ውስጥ የታመሙ ተሳላሚዎችን በማስታመም ነው። ሮድስን የያዙት በ1309 ሲሆን፣ እዚያው ጎዳናው ታች በ15ኛው መቶ ዓመት የሠሩት ትልቅ ሆስፒታል ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። እኔ እንደ ነርስነቴ ልቤ ወደዚያ ወደ ታማሚዎቹ አዳራሽ ነበር። ሚጡ ግን ግንብ ነው ያማራት፤ ልጅን እየጎተቱ ማስጎብኘት ደግሞ አይሆንም።

ግቢውን አልፈን ሰፊውን ደረጃ እንደወጣን የስልኬ ባትሪ አለቀ። ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት ስልክ ነው፤ እሱም ጡረታው ደርሷል። አሁን ምን ይሁን? ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ግሪክኛና እንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉም ደቃቅ፣ መነጽሬም ሆቴል ቀርቷል። ሚጡ ግን የምትማረው በግሪክኛ ነው። «እማማ፣ እኔ አነብልሻለሁ» አለችና በተሰባበረች አማርኛዋ ታስጎበኘኝ ጀመር።

ወለሎቹን ልንገራችሁ። በየአዳራሹ መሬቱ ላይ የተነጠፈው ሞዛይክ ነው። ከምስር እስከ ባቄላ በሚያህሉ ባለ ቀለም ድንጋዮች የተሠራ ሥዕል ማለት ነው። ገመድ ስለተጋረደበት በዳር በዳር ነው የሚሄዱት። በአንዱ ክፍል በግሪኮች ተረት የዜማና የጥበብ አማልክት የሚባሉት ዘጠኙ ሙዛዎች አሉ። በሌላው የባሕር ፈረስ ላይ የተቀመጠች ሴት አለች፤ ፈረሱ ከወገቡ በታች ዓሣ ነው። በሌላው ደግሞ ፀጉሯ እባብ የሆነው ሜዱሳ መሐል ላይ ሆና ቀና ብላ ታያለች። ሚጡ ከሜዱሳ ፊት ለረጅም ጊዜ አልነቃነቅም አለች። እኔ የእናቷ አደራ ትዝ ብሎኝ «አትፈሪም?» ብላት፣ «እማማ፣ ድንጋይ እኮ ናት» አለችኝ።

በየክፍሉ ታዲያ አንድ ቃል ተደጋገመ። «ይሄም ከቆስ ነው። ይሄም ከቆስ።» ሦስተኛው ላይ ቆማ ጠየቀችኝ፣ «ለምንድን ነው ሁሉም ከቆስ?»

ቆስን የጤና ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ የሂፖክራተስ አገር ናት። እኛ ነርሶች ቃል የገባነው በናይቲንጌል ስም በተጠራው መሐላ ቢሆንም፣ ሐኪሞቹ መሐላቸውን በእሱ ስም ነው የሚጠሩት። ይሄን ነገርኳት፤ ጥያቄዋን ግን አልመለስኩም። በኋላ ከእናቷ ጋር ቁጭ ብለን ያነበብነውን እዚህ ላይ ላስገባው። የፈረሰኞቹን ግዛት በ1522 ሱልጣን ሱለይማን ከበበው፤ ደሴቱ የኦቶማን ቱርኮች ሆነ። በ1856 አጠገቡ የነበረ ባሩድ ፈንድቶ ግንቡን አፈራረሰው። በ1912 ጣሊያኖች ደሴቶቹን ያዙ። በ1933 የመሬት መንቀጥቀጥ የቆስን ከተማ ሲያፈርሳት የጣሊያን አርኪዮሎጂስቶች ከሥሯ ያለውን ጥንታዊ ከተማ ቆፈሩ። ከ1937 እስከ 1940 ደግሞ የሮድሱን ግንብ እንደገና ሠርተው ከቆስ የወጡትን ወለሎች አመጡና አነጠፉበት። ሜዱሳ የተነጠፈችው ቤት፣ መካከለኛው ዘመን ይመስለናል እንጂ፣ አብዛኛው መቶ ዓመት አልሞላውም። የተሠራውም ለንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሣልሳዊና ለሙሶሊኒ ማረፊያ እንዲሆን ነው።

ሙሶሊኒ። መግቢያው ዘንድ ስሙ የተቀረጸበት ትልቅ ጽላት አለ። ስንገባ በጆሮ ማዳመጫው ተጠምደን አላየነውም። ስንወጣ ሚጡ ፊደሉን እየቆጠረች አነበበችው፣ «ሙ-ሶ-ሊ-ኒ። እማማ፣ ይሄን አውቀዋለሁ!»

«ከየት?»

«ትምህርት ቤት። ጥቅምት ላይ ባንዲራ ይዘን የምንሰለፈው እሱን እምቢ ስላሉት ነው።»

እውነቷን ነው። ግሪኮች በጥቅምት 1940 የሙሶሊኒን ጥያቄ እምቢ ያሉበትን ቀን በየዓመቱ ያከብራሉ። እኔም ሳላስበው «እኛም አገር ወታደር ልኮ ነበር» አልኳት። ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ የልጄ አደራ ትዝ አለኝ።

ሚጡ ግን ይዛኛለች። «አንቺ አይተሻቸዋል?»

«እኔ አልተወለድኩም። አባቴ ግን እንዳንቺ ትንሽ ልጅ ነበር።»

ግቢው ውስጥ ጥላ ያለበት ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ወላጆች «ለልጅ ምን ያህል ይነገረዋል?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ የምነግራችሁን እኔም ላድርገው አልኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት መርፌ ስወጋ «አያምም» ብዬ ልጅ አታልዬ አላውቅም። «ትንሽ ያማል፣ እስከ አምስት እንቁጠር» ነው የምለው። የጠየቁትን መመለስ፣ ያልጠየቁትን አለመጨመር። ሲሉት ቀላል ነው፣ የራስ አባት ሲሆን ግን እንደዚያ አይደለም።

አባቴ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ግንቡን ማደስ የተጀመረው በዚያው በፈረንጆቹ 1937 መሆኑን ልብ በሉ። በዚያ ቀን በአዲስ አበባው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ባለበት፣ ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት ያሰጥ ነበር፤ የቪክቶር ኢማኑኤል የልጅ ልጅ መወለድን ምክንያት በማድረግ። ያ ንጉሥ በዚያን ጊዜ ራሱን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ ይጠራል። የአባቴ ታላቅ ወንድም ከምጽዋቱ ደርሶት ለእናቱ ሊያመጣ ሄደ። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ፣ ከዚያም ሦስት ቀን ከተማው የሆነውን ታውቃላችሁ።

ለሚጡ ያልኳት ይህን ብቻ ነው፣ «ወታደሮቹ ተቆጥተው ብዙ ሰው ገደሉ። የአባቴ ወንድም አልተመለሰም።»

«አባትሽስ?»

«እናቱ አልጋ ሥር ደበቀችው። በጆንያ ከልላ። ሦስት ቀን።»

«ፈርቶ ነበር?»

«አዎ።»

«ምን በላ?»

«ቆሎ።» ይሄንን በደንብ አውቃለሁ። አባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ ከኮቱ ኪስ ቆሎ ጠፍቶ አያውቅም። ለምን እንደሆነ የነገረኝ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አደገ። ተማረ፣ አገባ፣ እኔን ወለደ።»

ዝም አለች። ጫማዋን ከጠጠሩ ጋር እያፋተገች ጥቂት ቆየችና ከወንድሙ ወደ ወለሉ ተመለሰች። ልጆች እንዲህ ናቸው፤ ከበዛባቸው ራሳቸው ይቀይሩታል። «ከኛም አገር ወለል ወስደዋል?»

«ወለል አይደለም፣ ሐውልት። የአክሱምን። ሃያ አራት ሜትር ነው፤ በዚያው ዓመት ቆራርጠው ሮም ወሰዱት።» በ1947 ፓሪስ ላይ በተፈረመው ውል ጣሊያን እነዚህን ደሴቶች ለግሪክ እንድትሰጥና ከኢትዮጵያ የወሰደችውንም ቅርስ እንድትመልስ ታዞ ነበር። ደሴቶቹ በዓመቱ ተሰጡ። የእኛ ሐውልት ግን በአውሮፕላን የመጣው በ2005፣ የቆመው በ2008 ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ «ይመለስ» ሲባል ያረጁ ሰዎችን አውቃለሁ።

«ታዲያ የቆስ ወለል ለምን አልተመለሰም?»

«ቆስም ሮድስም የግሪክ ሆኑ እኮ። ከአገሩ አልወጣም።»

«ከቤቱ ግን ወጥቷል» አለች።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ወለሉ እዚያ ባይመጣ ኖሮ እኔና እሷ አናየውም ነበር፤ አይተን መደሰታችንም እውነት ነው። «ታዲያ አላየሁትም ልበል?» ብዬ ስጠይቃት ሳቀችና አይስክሬም እንድገዛላት ጠየቀችኝ። ሁለት ገዛሁ። ስኳሬን የሚከታተሉ የቀድሞ ባልደረቦቼ ይሄን አረፍተ ነገር ይዝለሉት።

ማታ ሆቴል ስንገባ ሚጡ ጫማዋን ሳታወልቅ ለእናቷ ሁሉንም ዘከዘከችው፤ ሜዱሳን፣ ሙሶሊኒን፣ አልጋ ሥሩን፣ ቆሎውን። እኔ ስልኬን ቻርጅ ላይ እየሰካሁ ፊቴን አዞርኩ። ወቀሳ ጠብቄ ነበር። ልጄ ምንም ሳትል እራት አቀረበች፣ ልጇን አስተኛች። ሚጡ ያን ሌሊት አልባነነችም። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ግን ተነሥታ ነበር፤ ከእኔ ታሪክ ይሁን ከአይስክሬሙ ማንም አያውቅም፤ ልጄ ከእኔ ታሪክ ነው ትላለች።

ያን ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ግን ልጄ በረንዳው ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቴን አባባ እያለች ነው ያደገችው፤ ከኪሱ ቆሎ እየሰረቀች። «እማዬ፣ እኔ ይሄን ለምን አልሰማሁም?» አለችኝ።

«እንቅልፍ እንዳይነሳሽ» አልኳት።

እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተቀመጥን። መጀመሪያ የጠየቀችኝ የወንድሙን ስም ነበር። ነገርኳት።