እሳቱን ማን ለኮሰው?

አሜሪካዊው ደራሲ ሬይ ብራድበሪ «ፋራናይት 451» የተባለውን ልብ ወለዱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1953 ነበር። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ በ1966 ፊልም አደረገው። የሁለቱም ታሪክ አንድ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች እሳት ማጥፋት ትተው መጻሕፍት የሚያቃጥሉበት አገር አለ። በዚያ አገር ሥራውን ወዶ ሲሠራ የኖረ፣ ጋይ ሞንታግ የሚባል ሰው አንድ ቀን ማንበብ ይጀምራል፤ መጨረሻውም መጻሕፍትን በቃላቸው ይዘው በጫካ ከሚኖሩ ስደተኞች ጋር መቀላቀል ይሆናል። ልብ ወለድና ፊልም ሲነጻጸሩ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ፊልሙ ለመጽሐፉ ታማኝ መሆን አለመሆኑ ነው፤ የትኛው ትዕይንት ተዘለለ፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ ጠፋ እየተባለ ይቆጠራል። ስለ ጭቆና የሚተርክን ሥራ በዚህ ቆጠራ መመዘን ብዙ አያራምድም። ከዚያ ይልቅ በደለኛው ማን ነው እንደሚል ልንጠይቀው ይገባል። ብራድበሪ እሳቱን መጀመሪያ የለኮሰው ሕዝቡ ራሱ ነው ይላል። የትሩፎ ፊልም ግን ጥፋቱን ከሕዝቡ ትከሻ አውርዶ በእሳት አደጋ ጣቢያው ላይ ይጭነዋል። በውበቱ የማይታማው ይህ ፊልም ከመጽሐፉ የሚያንሰው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማስረጃው በመጽሐፉ ውስጥ በግልጽ ተቀምጧል። ሞንታግ ታምሜያለሁ ብሎ ከሥራ በቀረበት ቀን አለቃው ካፒቴን ቢቲ አልጋው ድረስ መጥቶ የሙያቸውን ታሪክ ይነግረዋል። በቢቲ ትረካ ውስጥ መጀመሪያ የመጣ የመንግሥት አዋጅ የለም። መጀመሪያ የመጣው ጥድፊያ ነው። ፎቶግራፍ፣ ፊልም፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተከታትለው መጡ፤ የሰው ቁጥር በዛ፤ ኑሮ ሮጠ። ታላላቅ ድርሰቶች ለአጭር የሬዲዮ ዝግጅት ተቆረጡ፣ ከዚያም ለአንድ አምድ፣ በመጨረሻም ለጥቂት የመዝገበ ቃላት መስመሮች በሚበቃ መጠን አነሱ። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ወገን የሚያስቀይመው መስመር እንዲወጣለት ጠየቀ፤ አሳታሚውም ገበያው እንዳይቀንስ ብሎ እሺ አለ። ሰዎች ማንበብ ካቆሙና ቤቶችም እሳት የማይበላቸው ሆነው መሠራት ከጀመሩ በኋላ ነው ሥራ የፈቱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች አዲሱ ተግባር የተሰጣቸው። ይህን የሚለው ሹም ስለሆነ አይታመንም የሚል ካለ፣ የቢቲ ተቃራኒ የሆነው ሽማግሌው ፕሮፌሰር ፌበርም ያንኑ ይመሰክራል። ፌበር ሲያስተምርበት የነበረው ኮሌጅ የተዘጋው በወታደር ተከቦ ሳይሆን ተማሪ በማጣቱ ነው። ሕዝቡ በገዛ ፈቃዱ ማንበብ እንደተወ፣ እርሱም መናገር በሚገባው ጊዜ ዝም እንዳለ ለሞንታግ ይናዘዛል። አጥቂውና ተጠቂው በአንድ ነገር ከተስማሙ፣ ያ ነገር የመጽሐፉ ዋና ምስክርነት ነው ማለት ነው።

ብራድበሪ ይህን ክስ በንግግር ብቻ አላቀረበም፤ በሞንታግ ቤት ውስጥ አኑሮታል። ሚስቱ ሚልድረድ ሦስት ግድግዳ የሚሸፍን ቴሌቪዥን አላት፤ አራተኛውንም ግድግዳ ግዛልኝ ትለዋለች። ሌሊት ጆሮዋ ውስጥ ከምትሰካው ትንሽ ሬዲዮ አትለይም። የእንቅልፍ ክኒን ከመጠን በላይ ውጣ ስትገኝ ሐኪም እንኳ አይመጣም፤ ሁለት ቴክኒሻኖች ሆዷን አጥበው፣ ደሟን ቀይረው ይሄዳሉ፤ በየሌሊቱ እንዲህ ያለ ጥሪ ብዙ ስለሚደርሳቸው ነገሩ አይደንቃቸውም። ባልና ሚስቱ መጀመሪያ የት እንደተዋወቁ ሁለቱም አያስታውሱም። ሞንታግን ከእንቅልፉ ያነቃችው ጎረቤቲቱ ልጅ ክላሪስ መኪና ገጭቷት መሞቷን ሚልድረድ የምትነግረው ከቀናት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ረስታው ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የከፋ ጭካኔ ያለ አይመስለኝም፤ የፈጸመችው ግን ጠመንጃ ያልያዘች፣ ማንንም የማትጠላ፣ በስክሪን ፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ናት።

የትሩፎን ፊልም ለመተቸት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚገባውን ምስጋና ሊሰጠው ግድ ነው። ትሩፎ የመጀመሪያውን ባለ ቀለም ፊልሙን፣ በእንግሊዝኛም የሠራውን ብቸኛ ፊልሙን የከፈተው ማንም ልብ ወለድ ሊያደርገው በማይችል ብልሃት ነው። የተዋንያኑና የባለሙያዎቹ ስም በጽሑፍ አይወጣም፤ በቤት ጣሪያ ላይ የተተከሉ አንቴናዎች እየታዩ ድምፅ ብቻ ስሞቹን ያነባል። ሞንታግ የሚያየው ጋዜጣ ፊደል የሌለው፣ ሥዕል ብቻ የተደረደረበት ነው። ብራድበሪ ፊደል የጠፋበትን ዓለም ለመግለጽ ፊደል መጠቀም ግድ ሆኖበት ነበር፤ ፊልሙ ግን ያንን ባዶነት ተመልካቹን በዓይኑ ያሳየዋል። የኒኮላስ ሮግ ካሜራ በነበልባል ውስጥ እየተጠቀለሉ የሚጠቁሩትን ገጾች ተጠግቶ ሲያሳይ፣ የበርናርድ ሄርማን ሙዚቃም ሲከተለው፣ የሚቃጠለው ወረቀት ሕይወት ያለው ፍጡር ይመስላል። አንዲት ሽማግሌ ሴት ከመጻሕፍቷ አልለይም ብላ በራሷ እጅ ክብሪት ስትጭር የሚያሳየው ትዕይንትም ከመጽሐፉ አያንስም።

ችግሩ ያለው ፊልሙ በተዋቸው ነገሮች ውስጥ ነው፤ የተተዉት ሁሉ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ። ፌበር የለም፤ ስለዚህ ተማሪ ያጣው ኮሌጅና የምሁሩ ዝምታ አብረው ጠፍተዋል። በሲሪል ኩሳክ የሚተወነው ካፒቴን በሽማግሌዋ ስውር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቆሞ ረጅም ንግግር ያደርጋል። መጻሕፍት ሰውን እንደሚያሳዝኑ፣ ይኼኛው ይህን ወገን ያኛው ደግሞ ያን ወገን እንዳስቀየመ፣ ሰው ሁሉ ደስተኛ የሚሆነው እኩል ሲሆን ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ሕዝቡ አስቀድሞ በራሱ ፈቃድ መጻሕፍትን መተዉን የሚተርከው ክፍል ግን በፊልሙ ውስጥ ያን ቦታ አላገኘም። የቀረው የአንድ ሥርዓት አስተምህሮ ነው፤ ሥርዓቱ ከየት እንደበቀለ አይታወቅም። ክላሪስም አትሞትም፤ በጫካው ውስጥ ከሞንታግ ጋር ትገናኛለች። መትረፏ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከእርሷ ሞት ጋር ተሳስሮ የነበረው የሚልድረድ መርሳት አብሮ ተሰርዟል። በፊልሙ ሊንዳ የተባለችው ሚስት በቴሌቪዥን ፊት ስትደነዝዝና በመጨረሻም ባሏን ስትጠቁም እናያለን። ሆኖም በድንዛዜዋና በእሳቱ መካከል ያለው ሐረግ ስለተቆረጠ፣ ሊንዳ የሥርዓቱ ሰለባ እንጂ የሥርዓቱ እናት ሆና አትታይም።

ይህ የትሩፎ ብቻ ዝንባሌ አለመሆኑን ራሚን ባህራኒ በ2018 ለኤችቢኦ ቴሌቪዥን የሠራው ፊልም ያረጋግጣል። ባህራኒ ታሪኩን ወደ ኢንተርኔት ዘመን አምጥቶ፣ ማይክል ቢ. ጆርዳንን ሞንታግ፣ ማይክል ሻነንን ቢቲ አድርጎ በሁለቱ መካከል ያለውን ትግል አጉልቷል። በዚህ ፊልም ግን ሞንታግ ሚስት የለውም። ተራውን ሰው የምትወክለው ገጸ ባሕርይ ከነጭራሿ ወጥታለች። በ52 ዓመት ልዩነት የተሠሩ፣ በስልት የማይመሳሰሉ ሁለት ፊልሞች የተጠያቂነቱን ድርሻ ከተራው ሰው ላይ ማንሣታቸው በአጋጣሚ ብቻ የሚገለጽ አይመስለኝም። ሲኒማ ተመልካቹን ከሞንታግ ጎን ማሰለፍ ይቀናዋል፤ ብራድበሪ ግን አንባቢውን ከሚልድረድ ጎን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ይጠይቀዋል።

በዚህ ትችት ላይ የሚቀርበው የመጀመሪያ መከራከሪያ ፊልም በሥዕል እንጂ በስብከት አይነግርም የሚል ነው። ቢቲ በመጽሐፉ ውስጥ በብዙ ገጾች የሚያወራውን ቢያሳየን ተመልካቹ ይተኛል ይባላል። መከራከሪያው በሌላ ፊልም ላይ ያስኬድ ይሆናል፤ በዚህኛው ላይ ግን አይጸናም። ካፒቴኑ ረጅም ንግግር እንዲያደርግ ትሩፎ ራሱ ጊዜ ሰጥቶታል፤ ምርጫው ምን ይናገር የሚለው ላይ ነበር። በአንቴናዎች ሥዕል ብቻ የፊደልን መጥፋት ማስረዳት የቻለ ጥበበኛ፣ ተማሪ ያጣ ክፍልን ወይም አንባቢ ያልጎበኘው መደርደሪያን በአንድ ትዕይንት ለማሳየት አይቸገርም ነበር። የቀረው ስላልተፈለገ ነው። ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር የሚያሳየው የትሩፎን የመጽሐፍ ፍቅር ነው፤ እንዲህ ለሚወድ ሰው የመጽሐፍ መቃጠል ግድያ ነው፤ ግድያ ደግሞ ገዳይ ይፈልጋል። የፊልሙ ውበትም ጉድለቱም ከዚህ ከአንድ ፍቅር የመነጩ ናቸው።

ሁለተኛው መከራከሪያ የበለጠ ይከብዳል። በእውነተኛው ታሪክ መጻሕፍትን ያቃጠሉና ያገዱ መንግሥታት አይደሉምን? እኛም ይህን ከማንም በላይ እናውቃለን። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደርጓል፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀርቷል። ስለዚህ ጨቋኙን ለይቶ የሚያሳይ ፊልም እውነቱን ይናገራል ቢባል ማስተባበል አይቻልም። ግን የዚያው መጽሐፍ ዕጣ ሌላ ነገርም ያስተምራል። «ኦሮማይ» ከታገደም በኋላ አንባቢው በድብቅ ሲቀባበለው ኖሯል፤ እገዳው አንባቢ መኖሩን እንጂ መጥፋቱን አላሳየም። በርሊን ላይ እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 1933 መጻሕፍት ሲቃጠሉም ወደ እሳቱ ይዘዋቸው ከመጡት መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግንባር ቀደም ነበሩ። «ፋራናይት 451» ራሱ ከደረሰበት በላይ ግን ማስረጃ የለም። አሳታሚው በ1967 ለትምህርት ቤቶች ብሎ ባወጣው እትም ውስጥ ያስቀይማሉ የተባሉ ቃላትና ክፍሎች ለደራሲው ሳይነገሩ ተለወጡ። ያዘዘ መንግሥት አልነበረም፤ ቅር የሚለው እንዳይኖር የፈለገ ገበያ ነበር። ብራድበሪ ነገሩን ያወቀው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ በጽኑ ተቃውሞም ሙሉው ጽሑፍ እንዲመለስ አደረገ። ቢቲ የተረከው ታሪክ በተተረከበት መጽሐፍ ላይ ተፈጸመ።

ሦስተኛው መከራከሪያ ሥነ ምግባራዊ ነው። ሕዝብን መክሰስ ገዥዎችን ነጻ ማውጣት አይሆንም ወይ? ደክሞት የገባ ሠራተኛ ከመጽሐፍ ይልቅ ስክሪን ቢመርጥ እንደ ወንጀለኛ ይቆጠራል ወይ? ብራድበሪ እንዲህ አላለም። ቢቲ በመጽሐፉ ውስጥ ነጻ አልወጣም፤ ለሰው ሞት ተጠያቂ ነው፣ በገዛ እሳቱም ይጠፋል። ሰው መዝናናቱን አይደለም ደራሲው የሚከስሰው፤ ፌበር እንዲያውም በመጻሕፍት ውስጥ የነበረው መልካም ነገር በሬዲዮና በቴሌቪዥንም ሊገኝ ይችል እንደነበር ይናገራል። የጎደለው የሚቀርበው ነገር ጥራት፣ የማሰላሰያ ጊዜና ባሰላሰሉት መሠረት የማድረግ ነጻነት ነው። ለሕዝብ የጥፋት ድርሻ መስጠት ሥልጣኑንም ለሕዝብ መመለስ ነው። ማንበብን የተወ ሕዝብ ሊመለስበት ይችላል፤ ሁሉ ከላይ የወረደበት ሕዝብ ግን ሌላ ነገር ከላይ እስኪወርድለት ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለውም።

ልዩነቱ ፍሬውን የሚያሳየው በፍጻሜው ላይ ነው። በፊልሙ መጨረሻ በረዶ ይጥላል፤ ሰዎቹ በሐይቁ ዳር እየተመላለሱ እያንዳንዳቸው የያዙትን መጽሐፍ ያነበንባሉ፤ ሞንታግም የኤድጋር አለን ፖን ታሪኮች ያጠናል። በሞት አፋፍ ያለ ሽማግሌ ለአንድ ሕፃን የስቲቨንሰንን ልብ ወለድ ሲያስጠና እናያለን፤ ልብ የሚነካ ትዕይንት ነው። ነገር ግን ከተማይቱ ከነሰዎቿ ተረስታለች። በመጽሐፉ ውስጥ ሞንታግ የያዘው ከመጽሐፈ መክብብ የተወሰነ ክፍል ነው፤ ከልቦለዱ መጀመሪያ አንሥቶ ሲያንዣብብ የነበረው ጦርነት ከተማይቱን በቅጽበት ያወድማታል፤ ስደተኞቹም ከፍርስራሹ ለተረፉት ለመድረስ ወደዚያው ይጓዛሉ። መሪያቸው ግሬንጀር ለባልደረቦቹ የሚነግራቸው እነርሱ ሽፋን ብቻ እንደሆኑና ዋጋቸው በሚያደርሱት መልእክት እንደሆነ ነው። ይህን በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ያለፈ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ተማሪው ከየኔታ አፍ ተቀብሎ በቃሉ የሚይዘው ለራሱ ሊያነበንበው ብቻ አይደለም፤ ነገ ጉባኤ ተክሎ ሊያስተምረው ነው። የአንድምታ ትርጓሜ በጽሑፍ ከመስፈሩ በፊት ለረጅም ዘመን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል የተላለፈው በዚህ መንገድ ነው። በቃል የተያዘ መጽሐፍ ሰሚ ካላገኘ ከያዘው ሰው ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ የትሩፎን ፊልም ያላየ ይየው፤ መጽሐፍ ሲቃጠል ምን እንደሚጠፋ በዚያ ልክ ያሳየ ሥራ ብዙ የለም። ነገር ግን ከፊልሙ የሚወጣ ተመልካች ከጥፋቱ ነጻ ሆኖ፣ ጣቱን በሌሎች ላይ ቀስሮ ነው የሚወጣው፤ ብራድበሪ ይህን ነጻነት ለአንባቢው አልሰጠውም። የዛሬ ዘመን ለመጽሐፉ እንጂ ለፊልሙ አይመሰክርም። ሚልድረድ በጆሮዋ የሰካችው ድምፅና በግድግዳዋ የተከለችው ስክሪን ዛሬ በየኪሳችን አለ፤ ባልተነበበ መጽሐፍ ላይ ሳንሱር መሾም ደግሞ ማንንም ገዥ አያስፈልገውም። መጻሕፍት ከሚያቃጥል ሹም የሚያድነን ሕግ ሊወጣ ይችላል፣ መውጣትም አለበት። መጻሕፍትን ከመተው የሚያድነን ሕግ ግን የለም፤ ያ ሥራ የአንባቢው፣ የወላጁ፣ የመምህሩና የጋዜጣው ሥራ ነው፤ ሳይሠራ ቢቀርም የምንከሰው ሌላ ሰው አይኖርም።