የመስሚያ መሣሪያ በጆሮ ልክ ይሁን!

እንደሚታወቀው ጫማ ሲገዛ ቁጥር ይጠየቃል። 38 ቁጥር ለሚያደርግ ሰው 42 ቁጥር ሰጥቶ «ይኸው ጫማ አግኝተሃል፣ በል ሩጥ» የሚል ቢኖር እንስቅበታለን። መነጽርም ቢሆን ያው ነው፤ የሌላውን ሰው መነጽር ያደረገ ራሱን ያዞረዋል እንጂ አያነብበትም። ወደ መስሚያ መሣሪያ ስንመጣ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የልጁ ጆሮ ሳይለካ፣ ምን ያህል እንደሚሰማ ሳይመረመር፣ ከካርቶን የወጣ መሣሪያ ጆሮው ላይ ይንጠለጠልና «ችግሩ ተፈታ» ይባላል። እኔ ይህን አባባል እቃወማለሁ።

እኛን ምን አገባን የሚል ይኖር ይሆናል። ያገባናል እንጂ! ነገ ከነገ ወዲያ ሃምሳና ስድሳ ተማሪ ፊት የምንቆመው እኛ እጩ መምህራን ነን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ስለ መስማት ባወጣው ሪፖርት መሠረት ርዳታ የሚያሻው የመስማት ችግር ያለባቸው ሰዎች በዓለም ላይ 430 ሚሊዮን ይደርሳሉ። የመስሚያ መሣሪያ ሊጠቅማቸው ከሚችል 100 ሰዎች ውስጥ የሚጠቀሙበት ደግሞ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ከመቶ አሥራ ሰባት ውስጥ ለመግባት የታደለ ልጅ ያገኘው መሣሪያ ኪሱ ውስጥ የሚውል ከሆነ ምኑን ታደለው?

ኪስ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በልምምድ ማስተማር ጊዜ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። መሣሪያውን በርዳታ አግኝቷል። የክፍሉ መምህር «ተሰጥቶት የማያደርግ፣ ሰነፍ ልጅ ነው» አሉኝ። ልጁን ብጠይቀው «ይጮህብኛል፣ ያመኛል» አለኝ። እስቲ አድርገው ብዬው ሲያደርገው ፉጨቱን እኔም አጠገቡ ሆኜ ሰማሁት። የክፍል ጓደኞቹ «ሬዲዮ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ታዲያ በዚህ ላይ ሰነፉ ማን ነው?

ፉጨቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ከባድ አይደለም። መሣሪያው ድምፅ የሚቀበል ማይክሮፎን፣ የሚያጎላ ክፍልና የጎላውን ወደ ጆሮ የሚልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለው። ድምፁ ወደ ጆሮ የሚገባው በውታፍ በኩል ነው። ውታፉ ልክ ካልሆነ የጎላው ድምፅ በክፍተቱ አፈትልኮ ይወጣና ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል፤ እንደገና ይጎላል፣ እንደገና ይወጣል፤ በመጨረሻ ያፏጫል። ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ ጆሮ እንደሚሰነጥቀው ማለት ነው። ብዙ ሰው መላ ብሎ የሚያደርገው ድምፁን መቀነስ ነው። ፉጨቱ ይቆማል፤ ልጁም መስማቱን ያቆማል! ውታፉ ከጆሮው ከበለጠ ደግሞ ያቆስላል።

ስለዚህ ውታፉ በየሰው ጆሮ ልክ መሠራት አለበት። የአንድ ሰው ግራና ቀኝ ጆሮ እንኳ እኩል አይደለም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ባለሙያው መጀመሪያ በመብራት ጆሮውን ያያል፤ ኩክ ካለ ያስወጣል። ከዚያ ክር የታሰረበት ትንሽ ጥጥ ወይም ስፖንጅ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ይህ የጆሮ ታምቡር እንዳይነካ ነው። በላዩ ላይ ለስላሳ ሲሊኮን ይሞላበታል። በጥቂት ደቂቃ ሲጠነክር ሲወጣ የጆሮውን ቅርጽ ይዞ ይወጣል፤ ውታፉ በዚያ ልክ ይሠራል። ልጅ ደግሞ ያድጋል፤ ጆሮውም አብሮ ያድጋል። ለሕፃን በየጥቂት ወሩ፣ ከፍ ላለም ልጅ በየጊዜው እየታየ መለወጥ አለበት። አምና የተለካ ውታፍ ዘንድሮ ቢያፏጭ አይግረመን።

ጆሮው መግል የሚያፈስ ልጅ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። መግል ያለበትን ጆሮ በውታፍ መድፈን ችግሩን ማባባስ ስለሆነ መጀመሪያ ሕክምና ነው የሚቀድመው። እኛ ዘንድ የሚፈስ ጆሮ እንደ ጉንፋን ቀላል ነገር ሆኖ መታየቱ በጣም ያሳዝነኛል።

የውታፉ ነገር በዚህ ይብቃና ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙዎቻችን መሣሪያው የሚያደርገው ድምፅ ማጉላት ብቻ ይመስለናል። ግን የመስማት ችግር በሁሉም ድምፅ ላይ እኩል አይወርድም። በምርመራ ጊዜ ከ250 እስከ 8000 ኸርትዝ ያሉ ቀጭንና ወፍራም ድምፆች አንድ በአንድ ይሰጡና ልጁ የቱን ከስንት ዴሲቤል ጀምሮ እንደሚሰማ በሰንጠረዥ ይመዘገባል፤ ኦዲዮግራም የሚባለው ይህ ነው። ወፍራሙን እየሰማ ቀጭኑን የማይሰማ ልጅ አለ። ለእንዲህ ያለ ልጅ «ሰፈር» ብላችሁ ብትጠሩ «ሰ» እና «ፈ» ያመልጡትና ከቃሉ የሚቀረው አናባቢውና የመጨረሻው «ር» ይሆናል። ድምፅ ሰምቷል፤ ቃል ግን አልሰማም። ሁሉንም እኩል ብናጎላለት ቀድሞም የሚሰማው የወንበር መጎተትና የጎረቤት ክፍል ጫጫታ ይብስበታል እንጂ «ሰ» ፈቅ አትልም። መሣሪያው መስተካከል ያለበት በኦዲዮግራሙ መሠረት ነው፤ የጎደለው ላይ እየጨመሩ፣ ያልጎደለው ላይ እየተዉ። የመጨረሻ ጣሪያም ያስፈልገዋል። ያለ ልክ የሚጮህ መሣሪያ የተረፈችውን መስማት ሊጎዳ ይችላል።

በልጆች ላይ ደግሞ አንድ የፊዚክስ ነገር አለ። ድምፅ የሚገባበት ቦታ በግማሽ ቢያንስ የድምፁ ግፊት በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። የልጅ ጆሮ ቱቦ ጠባብ ስለሆነ ለአባት የተስተካከለ መሣሪያ በልጁ ጆሮ ውስጥ ከታሰበው በላይ ይጮሃል። ለዚህ ነው ጥሩ ባለሙያ ቀጭን ቱቦ ከውታፉ ጎን አስገብቶ ጆሮው ውስጥ የደረሰውን ድምፅ የሚለካው። ካናዳ ውስጥ በዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዲ.ኤስ.ኤል. የሚባለው ስሌት በተለይ ለልጆች ታስቦ የተሠራው በግምት እንዳይሠራ ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ «አሜሪካ ውስጥ ከሱቅ እንደ አስፕሪን ይገዛል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። ግን የተፈቀደው ቀላልና መካከለኛ ችግር ላለባቸው አዋቂዎች ነው። 18 ዓመት ላልሞላው አይደለም።

አሁን «ከምንም ይሻላል» የሚለውን ክርክር እንየው። መኝታ ክፍል ውስጥ ስንከራከርበት ብዙዎቹ በዚህ ነው የረቱኝ የመሰላቸው። ባለሙያው እንደ ልብ አይገኝም፣ ከገጠር ወረዳ አዲስ አበባ መመላለስ ለገበሬ ቤተሰብ ቀላል አይደለም ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ያልተለካ መሣሪያ የሚያመጣውን ተመልከቱ። ልጁ «መሣሪያ አይረባም» ብሎ ይደመድማል፤ ነገ ትክክለኛው ቢመጣለትም በጄ አይልም። መምህሩና ወላጁ ደግሞ «ተረድቶ አልሆነለትም» ብለው ፋይሉን ይዘጋሉ። መሣሪያ የሌለው ልጅ ቢያንስ ፋይሉ ክፍት ነው። ለጋሾችን አትምጡ አላልኩም፤ ይምጡ። ሲመጡ ግን መለኪያውን፣ ውታፉንና ባትሪውን ይዘው ይምጡ፤ በዓመቱም ተመልሰው ይዩ።

ደግሞም መሣሪያ ለሁሉም አይሆንም። ምንም ቢጎላ ንግግር የማይለይ ልጅ የሚያስፈልገው የምልክት ቋንቋ ነው። ጆሮው ላይ መሣሪያ ስላየን ብቻ ምልክቱን መከልከል ሌላ ግፍ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? መሣሪያውን መበርገድ ወይም ውታፉን በምላጭ መከርከም የእኛ ሥራ አይደለም። ግን በየጠዋቱ ሁለት ደቂቃ የማትፈጅ ነገር አለች። መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህር የነበረው ዳንኤል ሊንግ የተወልን ስድስት ድምፆች አሉ፦ አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ም፣ ሽ፣ ስ። ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ የንግግር ድምፅ በእነዚህ ይወከላል። አፋችንን በወረቀት ሸፍነን አንድ በአንድ እንላለን፤ ልጁ የሰማውን ይደግማል። ትላንት «ስ»ን ሲደግም የነበረ ልጅ ዛሬ ዝም ካለ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ባትሪውን እንይ፤ ይህ ባትሪ ልጣፉ ከተላጠ በኋላ አየር ስለሚገባው ባይሠራበትም እያለቀ ይሄዳል። ባትሪው ደህና ከሆነ ቀኑን፣ የትኛው ጆሮ እንደሆነና የትኛው ድምፅ እንዳመለጠው ጽፈን ለወላጅ እንስጥ። ባለሙያ ዘንድ ሲደርሱ «አይሰማም» ከሚል ደብዳቤ ይህች ቁራጭ ወረቀት ትበልጣለች። ልጁንም ፊት ለፊት እናስቀምጠው፤ ለጥቁር ሰሌዳው እያወራን ለእሱ አስተማርን አንበል።

የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስንማር ይህ ሁሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ ታልፏል። በማስተማሪያ መሣሪያዎች ማዕከላችን ከካርቶን የተሠራ ትልቅ ጆሮ አለ፤ የሠሩትን አመሰግናለሁ፤ ቀለሙም ያምራል። አንድ አሮጌ የመስሚያ መሣሪያና አንድ እውነተኛ ኦዲዮግራም ግን የለም። የትምህርት ክፍሉ ሁለቱን እንዲያፈላልግልን ማመልከቻ ጽፌያለሁ። አብራችሁኝ መፈረም የምትፈልጉ እጩ መምህራን ወረቀቱ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ተለጥፏል፤ ብዕሩ በክር ታስሯል፣ እባካችሁ ይዛችሁት አትሂዱ።